ፊደል አጉሊው ኮሚቴ

ሀረገወይን 8 ብላ ያነበበችው ቁጥር 3 መሆኑን ያወቀችው ኅዳር 4 ቀን ጠዋት ነው። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የነርስነት ሥልጠና ምዝገባ የሚያበቃበትን ቀን በድረ ገጹ ላይ በይፋ አውጥቷል። ከገጹ ግርጌ፣ በነጭ ላይ በአመድማ ቀለም፣ የሰሊጥ ፍሬ በሚያክል ፊደል ማውጣቱ ከትሕትና የመነጨ ነው። በጣት ሲለጥጡትም ገጹ ይሸሻል እንጂ ፊደሉ አያድግም። ታላቅ መሥሪያ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም።

የልጇ የኑኃሚን ስም ከተመረጡት መካከል ወጥቷል። የቀረው ዋናውን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ብቻ ነበር። ሀረገወይን እንደ ልማዷ መጥፎውን ሁሉ አስቀድማ አስባለች፤ መብራት ይጠፋል፣ ማስረጃው ይሰረቃል፣ ታክሲው ይገለበጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት አራት አራት ኮፒ አስደርጋ በሁለት ፌስታል ጠቅልላለች። ሦስትና ስምንት ይመሳሰላሉ ብላ ግን አልፈራችም። ይህን የሚያህል ክፋት በሐሳቧም አልመጣም።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ታክሲ ሳትጠብቅ በእግሯ ገሠገሠች። የድረ ገጽ ክፍል ኃላፊው አቶ ነገሪ ለስብሰባ ገብተዋል ስለተባለ በራፋቸው ላይ እስከ ስምንት ሰዓት ቆመች። ሲመለሱ የመጣችበትን ሰምተው በፈገግታ ተቀበሏት።

«እንኳን መጡ! እርስዎን የመሰለ ተጎጂ ነበር የጠፋን።»

የፊደሉ ማነስ ከአራት ወር በፊት እንደተደረሰበት አስረዷት። ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ማነሱን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ንዑስ ኮሚቴውም በጥልቀት አጥንቶ፣ ፊደሉ ትንሽ መሆኑን በስልሳ ገጽ ሪፖርት አረጋገጠ። ሪፖርቱ ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል፤ እስካሁን ማንም አላነበበውም።

«ዛሬ ግን» አሉ አቶ ነገሪ፣ «በፊደል ማነስ ቀኑ ላለፈባቸው ሁሉ ምዝገባው ለዛሬ ብቻ ተራዝሟል። ማስታወቂያው በትልቅ ፊደል ይወጣል። አዳራሽ ይግቡ፣ የትልቁ ፊደል ምረቃ አለን።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የተራዘመው?»

«እሱን ከድረ ገጹ ያነቡታል። በቃል መናገር አሠራሩን ማፍረስ ነው።»

«መዝጋቢዋስ የት ናት?»

«አዳራሽ። ሁላችንም አዳራሽ ነን።»

አዳራሹ ውስጥ ባነር ተሰቅሏል፤ «ጥርት ያለ ፊደል ለጥርት ያለ አገልግሎት»። የመጀመሪያው ተናጋሪ ዓይን ወሳኝ የሰውነት ክፍል መሆኑን ገለጹ። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው የገለጹትን እንደሚጋሩ ገለጹ። ሀረገወይን ፌስታሎቿን አቅፋ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ስምንት ተኩል ሆኗል።

ከጎኗ የተቀመጠችው የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሰፊ፣ እሷም ቀኑ ያለፈባት እናት፣ ጠጋ አለቻት።

«አንቺዬ፣ እኔ መርፌ ስሰካ የምውል ሴት ነኝ። የነሱን ፊደል ሳይ ግን ዓይኔ ጠፋ ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩልሽ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ስልኬን አየና የራሱን መነጽር መጥረግ ጀመረ።»

በመጨረሻ ማስታወቂያው ይፋ ሆነ። ማህተም የሌለው ጽሑፍ እንዴት ይታመናል? ስለዚህ ኮሚቴው በትልልቅ ፊደል አሳትሞ፣ አስፈርሞ፣ ማህተም አስመትቶ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ድረ ገጹ ላይ ለጥፎታል። ወረቀቱ የጠረጴዛ ስፋት ነበረው፤ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን ተኮማትሮ ቴምብር አከለ። ሀረገወይን በሁለት ጣቷ ለጠጠችው። ፊደሉ ጭጋግ ሆነ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«አቶ ነገሪ፣ ሰዓቱ ስንት ይላል?»

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩ። «እዚህ ጋ... ማህተም አርፎበታል።»

«ከማህተሙ ሥርስ?»

«ከማህተም ሥር ያለ ነገር ሁሉ ሕጋዊ ነው። አይስጉ።»

ሀረገወይን አይስጉ ስትባል ይብስባታል። ጭብጨባው ሲያበቃ መዝጋቢዋን ፈሪዳን ተከትላ እስከ መስኮቷ ሮጠች፤ ፌስታሎቹንም ፈታች።

«እናቴ፣ ጊዜው አልፏል» አለች ፈሪዳ በሐዘኔታ። «እስከ ዘጠኝ ነው የሚለው። አሁን ዘጠኝ ከሃያ ሆኗል።»

«የት ነው የሚለው?»

«ማህተሙ ሥር።»

«ታዲያ አንቺ እንዴት አነበብሽው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኛ!»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሬ እዚሁ ነኝ እኮ! አንቺም እዚሁ ነሽ! አብረን ነው ያጨበጨብነው!»

«እሱስ ልክ ነው» አለች ፈሪዳ። «ቅሬታ ካለዎት ድረ ገጹ ላይ ቅጽ አለ። ከታች፣ ግርጌው ላይ።»

ሀረገወይን ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ቅጹን ፈለገች። ኑኃሚን ሁለት ጊዜ ደወለች። «ተመዘገብኩ?» እንዳትላት ፈርታ አላነሳችም።

ሠራተኞቹ ወጥተው ሲያልቁ ዘበኛው ጋሽ አብዱልሃሚድ መጡ። «ተነሺ እህቴ፣ ልዘጋ ነው» ብለው አስወጧትና የብረቱን በር ገጠሙ። በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀሉ። እያንዳንዱ ፊደል መዳፍ ያክላል፤ ከታክሲ ተራው ያለ መነጽር ይነበባል።

ዝግ ነው።

«ጋሼ፣ ይህንን የትኛው ኮሚቴ ነው የጻፈው?»

«የምን ኮሚቴ? ሰው እንዳይጉላላ ብዬ እኔው ነኝ በቀለም የጻፍኩት» አሉና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞሩት።