ምንም ሳላደርግ እንዴት እንዳጨሁ

እኔን የሚያውቅ ሰው ዝም ብዬ ካየኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥርሴን አሞኝ እንደሆነ ነው። ምን ላድርግ፣ የቤት ደላላ ነኝ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ሳወራ ነው የምውለው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልሁ። ያውም በገዛ ፈቃዴ። ለምን አትሉም?

ጥፋተኛው አንድ መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ማራኪ በሚባለው ሰፈር የሚከራይ ቤት ስፈልግለት ከረምሁ። ሽቅብ ቁልቁል ስንል ያወራኛል። ድሮ ቻይና ውስጥ የነበሩ ሊቃውንት ታኦ የሚሉት ነገር ነበራቸው አለኝ። ትርጉሙም መንገድ ነው አለኝ። ቻይና መንገድ ስትሠራ እንጂ ስታስተምር አላየሁም ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ትምህርቱ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ነገርን አትግፋ፣ አትታገል፣ እንደ ውሃ ሁን። ውሃ ድንጋዩን አይለምነውም፣ አይጮህበትም፤ ዞሮት ይሄዳል፣ በመጨረሻ ግን ድንጋዩ ያልቃል፣ ውሃው አለ። ከማድረግ ሁሉ የሚበልጠው አለማድረግ ነው ሲለኝ ቆም ብዬ አየሁት።

አስቡት እንግዲህ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም ሰነፍ ተብዬ ነበር። ለካ ሊቅ ኖሬያለሁ!

መጀመሪያ በሥራዬ ሞከርሁት። አንዲት አከራይ ነበሩ። ቤታቸውን ሲያሞግሱ ፀሐይ የምትወጣው ከሳቸው ጓሮ ነው የሚመስላችሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እከራከራቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ዝም ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሴትየዋ ትንሽ ጠበቁኝና፣ ክረምት ላይ ትንሽ ያፈሳል አሉ። አሁንም ዝም። ግድግዳውም እርጥበት አያጣውም አሉ። ዝም። መጨረሻ ላይ በዚያው ቤት ከወንድማቸው ጋር ፍርድ ቤት እንደሚካሰሱ ሁሉ ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸው እንኳ ይህን ያህል የሰሙ አይመስለኝም። በቃ፣ ዓለምን የምገዛበት መሣሪያ እጄ የገባ መሰለኝ።

ይህን መሣሪያ የት ላይ ብሞክረው ጥሩ ነው? አገር ምድሩ ሞልቶ እኔ መቅደስ ላይ ሞከርሁት።

መቅደስ እዚያው ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል፤ ከሷ ሌላ ሴት አስቤ አላውቅም። አባቷ አያ ፈንታሁን አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ፣ ገብስ አራሽ፣ ኩሩ ሰው ናቸው። ልጄን የፈለገ በሽማግሌ ይምጣ ባይ ናቸው። እኔም ውሃ ከመሆኔ በፊት፣ አጎቴን አያ ዋሴን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ልኬ ነበር። በሚኒባስ ወጡ፣ በዚያ ብርድ ደጃፍ ላይ ቆሙ፣ ግቡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ ጉዳያቸውን ተናገሩ። አያ ፈንታሁንም እንደ ደንቡ፣ "እስቲ ዘመድ ልጠይቅ፤ ደግሞ ተመለሱ" አሏቸው።

እኛ ዘንድ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እሺ ማለት ነው። ግን በአንዴ እሺ ከተባለ ልጅቷ መንገድ ላይ ወድቃ የተገኘች ትመስላለች። ስለዚህ ሽማግሌ ሁለቴ ሦስቴ ይመላለሳል። ክብሩ ምልልሱ ላይ ነው። ይህን እኔም አላጣሁትም። ግን እኔ አሁን ውሃ ነኛ! ውሃ ተመልሶ ይለምናል? መልሼ አልላክሁም።

አያ ዋሴ በሁለት ሳምንቱ ደውለው መቼ ነው የምንወጣው አሉኝ። አንገፋም አልኋቸው። "ምነው ልጄ፣ ምን አቀመሱህ?" ብለው ዘጉብኝ። መቅደስማ የቆምሁበት ድረስ መጣች።

"ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመለሱት?"

"ተረጋጊ። ነገሩ በራሱ ጊዜ ይፈሳል።"

"ምኑ ነው የሚፈሰው? የሰፈራችን ቧንቧ እንኳ በራሱ ጊዜ አይፈስም! አባቴ እኮ በግ ለይቶ አስሯል። የእናቴ ጠላ ሆምጥጧል። መንደሩ ምን ነውር አግኝቶባት ነው የቀረ እያለ ነው። ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክብን እያሰበ ነው ስልህ!"

ዝም አልኋት። አየችኝ፣ አየችኝና፣ "በል አንተ ተቀመጥ" ብላኝ ሄደች።

እውነቱን ልንገራችሁ? ምግብ አልዋጥልህ አለኝ። ሌላ ሰው የምትለዋ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብታ አልወጣም አለች። ሁለት ጊዜ የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ፣ ሰው ሳይሞላ ወረድሁ። ረዳቱ ጤነኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ውሃ መሆን እንዲህ የሚያስጨንቅ ከሆነ ጣና ምን ያህል ይጨነቅ ይሆን?

በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የመቅደስ አጎቶች፣ የእናቷ ወንድሞች ናቸው። ግቡ አልኋቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ!

"አያ ፈንታሁን ልከውን ነው። ልጃችን ላይ ያየኸው ጉድለት ካለ ንገረን። ከሌለ የፊታችን እሁድ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና፤ ተፈቅዷል።"

ሰማችሁ? የሴት አባት ወደ ወንድ ሽማግሌ ላከ! የነመቅደስ አገር ወገራ፣ ወገራ ከተባለ ጀምሮ ያልታየ ነገር። እልል ልል ቃጣኝ፤ ግን ሊቅ ነኝና ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። አንደኛው ሰውዬም ቀና ብለው አዩና፣ "ያፈሳል እንዴ?" አሉኝ። እሺ፣ እሁድ እንመጣለን አልኋቸው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ? ሄጄ ለመምህሩ ነገርሁት። ደብተር አውጥቶ ጻፈኝ። እኔን፣ የስምንተኛ ክፍሉን!

እሁድ ወጣን። የአያ ፈንታሁን ቤት በሰው ሞልቷል። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥሁ። ኩራታቸውን ውጠው ሽማግሌ የላኩ ሽማግሌ ናቸውና በሐዘኔታ አየኋቸው። የገረመኝ ግን እሳቸውም እኔን በዚያው በሐዘኔታ ያዩኛል። ቆይተው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ለቤቱ ሰው ተናገሩ።

"ይህ ልጅ ሸጋ ልጅ ነው። ታጋሽ ነው። አንዴ መለስሁት። ሁለቴ መለስሁት። ሦስተኛ ሲልክብኝ፣ እህል አልቀምስ ብሎ ያለቅሳል ሲሉኝ ጊዜ፣ መጨከን አልቻልሁም።"

ሁለቴ? ሦስተኛ? ያለቅሳል?

ወደ አያ ዋሴ ዞርሁ። አያ ዋሴ ጠላው ውስጥ ዝንብ የገባባቸው ይመስል ብርጭቋቸውን ይመረምራሉ። ወደ መቅደስ አጎቶች ዞርሁ። እነሱ በሩን ያያሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺ ልጅ በነዚያ ሳምንታት አያ ዋሴን በእኔ ስም ሁለቴ ወደ አባቷ አስወጥታለች፤ አጎቶቿን ደግሞ በአባቷ ስም ወደ እኔ አስወርዳለች። የሚሉትን ያስጠናቻቸው እሷ፣ የሚኒባሱን የከፈለች እሷ፣ ልቅሶውንም የጨመረችው እሷ። እኔ አባቷን አንበረከክሁ ብዬ፣ አባቷም እኔን አንበረከኩ ብለው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እየተዛዘንን ነው።

ሌላው ቢቀር አለቀሰ የተባልሁትን እንኳ ላስተባብል ብዬ አፌን ስከፍት፣ ጠላ የምትቀዳ እጅ በትከሻዬ በኩል መጣች። መቅደስ ናት። ጎንበስ ብላ፣ በጆሮዬ፣ "ምንም የማይደረገው አሁን ነው" አለችኝ።

እኔም ምንም አላደረግሁም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።