ከድሮ አስመሳይ

[ቡታጅራ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ የስልክ መጠገኛ። ሙባሪክ ጠጋኙ ነው፤ «ኢንጂነር» ካላሉት ጆሮው አይሰማም። ከድሮ የሚባለው ደግሞ ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጣ የሚነግድ ጓደኛው ነው፤ አንድ ነገር እስኪገባው ጀንበር ታዘቀዝቃለች። ከድሮ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።]

ከድሮ፦ ስሜን አውጣ!

ሙባሪክ፦ [ከሚፈታው ስልክ ቀና ሳይል] ስምህ የለም።

ከድሮ፦ አለ። ፊደል በፊደል አንብቤዋለሁ። «ከድሮ አስመሳይ» ይላል።

ሙባሪክ፦ እሱ ጌም ነው።

ከድሮ፦ የሰው ስም ማጥፋት ጌም ሆነ?

ሙባሪክ፦ ወንድሜ፣ «ከድሮ» ማለት የጥንት፣ የዱሮ ዘመን ማለት ነው። አንተን አይደለም።

ከድሮ፦ እኔ ከድሮ ነኝ።

ሙባሪክ፦ አንተ ከድሮ ነህ። ይሄ ግን «ከ... ድሮ» ነው።

ከድሮ፦ [ያስባል] እና ከድሮ ጀምሮ አስመሳይ ነኝ ነው የምትለው?

ሙባሪክ፦ ያ ረቢ!

ከድሮ፦ ነገ ሽማግሌዎቼ ሩፋይዳን ሊጠይቁልኝ ወልቂጤ ይሄዳሉ። ትላንት ሻይ ቤት አንዱ ይሄን ሲጫወት አየሁት፤ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። አባቷ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ሲሉ ማን ቃል ያወጣል? ስልኩን ብቻ ያሳዩአቸዋል። በቃ፣ ቀይረው። «ሙባሪክ አስመሳይ» በለው።

ሙባሪክ፦ ሙባሪክ ጥንት ማለት አይደለም!

ከድሮ፦ ታዲያ ምን ማለት ነው?

ሙባሪክ፦ እኔ ማለት ነው! ስማ፣ ይሄ የቴክኖሎጂ ቃል ነው። ፈረንጅ «ኢሙሌተር» ይለዋል፤ በኛ «አስመሳይ»። ለደንበኛ ሁሉ የምጭነው እኔ፣ የሠራሁትም እኔ።

ከድሮ፦ አንተ ነህ የሠራኸው?

ሙባሪክ፦ በዚህ ከተማ ሌላ ማን አለ? ክረምቱን ሙሉ ኮድ ስጽፍ ከረምኩ።

ከድሮ፦ ክረምቱን መብራት አልነበረም።

ሙባሪክ፦ በጭንቅላቴ ነው የጻፍኩት።

ከድሮ፦ እሺ።

ሙባሪክ፦ ድሮ በእጅ የሚያዝ ጌም ነበር። ጡብ ከላይ ይወርዳል፣ አንተ ከታች ትደረድራለህ።

ከድሮ፦ አውቀዋለሁ፣ ነበረኝ። ለሩፋይዳ ሰጠኋት።

ሙባሪክ፦ ለምትታጭ ልጅ መጫወቻ? ሰው ሽቶ ይሰጣል!

ከድሮ፦ እሷ ናት አምጣ ያለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ሲደክማት ትጫወትበት ብዬ ነው።

ሙባሪክ፦ ተወው። ጨዋታው ከዚያ ዕቃ ውጪ አልሠራም ይላል። ስለዚህ ስልኩ «ያ ዕቃ እኔ ነኝ» ይለዋል።

ከድሮ፦ ይዋሸዋል?

ሙባሪክ፦ ያስመስላል።

ከድሮ፦ ጨዋታው ያምነዋል?

ሙባሪክ፦ ሙሉ በሙሉ።

ከድሮ፦ ሳያስምለው?

ሙባሪክ፦ ጌም አያስምልም!

ከድሮ፦ እዚህ አገር «ወላሂ» ሳይል የታመነ እሱ ብቻ ነው።

ሙባሪክ፦ ጉዱን ልንገርህ። ስልኩ ፈጣን ነው፣ ያ ዕቃ ግን ቀርፋፋ ነበር። በስልኩ ፍጥነት ቢሄድ ጡቡ ሳታየው ይወድቃል። ስለዚህ ስልኩ መፍጠን እየቻለ ሆን ብሎ ይዘገያል።

ከድሮ፦ አሁን ገባኝ። ቢሮ ነው።

ሙባሪክ፦ የምን ቢሮ?

ከድሮ፦ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ሰውየው ይችላል። ማህተሙ እጁ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ፊቱ ነው። ግን ሆን ብሎ «ነገ ና» ይላል። ጡቡ ሳላየው እንዳይወድቅ አስቦልኝ ነው ለካ። እኔ ደግሞ ስረግመው ከረምኩ።

ሙባሪክ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] ይሄን ቁልፍ እይ። መስታወቱ ላይ የተሳለ ስዕል ነው፤ ስትነካው ግን እንደ እውነተኛ ቁልፍ ይሠራል።

ከድሮ፦ [ነክቶ ያያል] ከሰፈራችን ቧንቧ ይሻላል። የኛ እውነተኛ ብረት ነው፤ ስትከፍተው ግን አየር ይተነፍሳል፣ ውሃ ያስመስላል። ሲመረቅ ነበርኩ። ሪባኑ እውነተኛ ነበር።

ሙባሪክ፦ ቧንቧህን ይዘህ ከሱቄ ውጣ! እኔ የምልህ አስመሳይ ስድብ አይደለም ነው። በኛ ሙያ ጥሩ አስመሳይ መባል ትልቅ ሙገሳ ነው።

ከድሮ፦ በናንተ ሙያ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር የተሾመውን ሁሉ አይተነዋል።

[የከድሮ ስልክ ይጮሃል። ከድሮ አይቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።]

ከድሮ፦ ሩፋይዳ ናት። አይታዋለች። አለቀልኝ።

ሙባሪክ፦ ወዲህ በለው! በሳይንስ አስረዳታለሁ። [ስልኩን አንስቶ ድምፁን ወደ ውጪ ይለቀዋል]

ሩፋይዳ፦ [በስልክ] አሰላሙ አለይኩም፣ ከድሮ?

ሙባሪክ፦ ወአለይኩም ሰላም፣ እህቴ። የከድሮ ጓደኛ ነኝ፣ ኢንጂነር ሙባሪክ። ስለ ከድሮ በግልጽ ላስረዳሽ። ከድሮ አስመሳይ ነው።

ከድሮ፦ ያ አላህ!

ሙባሪክ፦ ግን ጥሩ አስመሳይ ነው። ያልሆነውን ነኝ ሲል ማንም አይለየውም። ያመነውም ሰው እስከ መጨረሻው አይነቃበትም።

ከድሮ፦ [ለራሱ] ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። በርበሬዬን ይዤ ቆሼ ልግባ።

ሩፋይዳ፦ ስለ ጌሙ ነው የምታወራው?

ሙባሪክ፦ አየህ የተማረ ሰው! አዎ እህቴ። ጌሙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይሄ ሰውዬ ግን «ስሜ ነው» እያለ ያለቅስብኛል። «ከ... ድሮ»፣ ማለትም ከጥንት ማለት እንደሆነ ንገሪልኝ።

ሩፋይዳ፦ ስሙ ነው እኮ።

[ሙባሪክ ዞር ብሎ ከድሮን ያየዋል]

ሙባሪክ፦ የማን?

ሩፋይዳ፦ የከድሮ። የመመረቂያ ሥራዬ ነው። እሱ የሰጠኝን ጌም ፈትቼ፣ አሠራሩን አጥንቼ ነው ስልክ ላይ ያመጣሁት። ዕቃው የከድሮ ነው፣ የሚያስመስለው ስልኩ ነው፤ «ከድሮ አስመሳይ» አልኩት። ጓደኞቼ በቴሌግራም በትነውት ቡታጅራ ደረሰ ማለት ነው?

ከድሮ፦ [ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ በፍርሃት] አባትሽም አይተውታል?

ሩፋይዳ፦ አባቴማ ሲጫወት ነው የሚውለው። «የባለ ጌሙ ሽማግሌዎች ስንት ሰዓት ይደርሳሉ?» ብለሽ ጠይቂ ብሎኝ ነው የደወልኩት።

ከድሮ፦ አስመሳይ የሚለውን... አልጠየቁም?

ሩፋይዳ፦ ጠይቋል። «ስልክ ላይ አስመስሎ ከጨረሰ ቤት ውስጥ አያስመስልም» አለ።

ከድሮ፦ አልሃምዱሊላህ።

ሩፋይዳ፦ ቆይ ግን ወንድም ሙባሪክ፣ አንተ ከሠራኸው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጡቡ ይንቀጠቀጥብኛል። ኮዱ የቱ ጋ የተሳሳተ ይመስልሃል?

ሙባሪክ፦ [ስልኩን ከአፉ እያራቀ] ሽሽሽሽ... ክክክ... እህቴ... አይሰማ... ሽሽሽ...

ሩፋይዳ፦ ሃሎ? ከድሮ፣ ምንድነው? ኔትወርኩ ተቋረጠ?

ከድሮ፦ ኔትወርኩ ደህና ነው። ኢንጂነሩ ነው የሚያስመስለው።