የገበሬው ቀኝ እጅ

ጠጋ በሉ እስቲ። ሐምሌ ነው፣ ጭጋጉ መካነ ሰላምን ውጧት ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም፤ ወጥታችሁም የምትሠሩት የለም። ለመሆኑ ሰው በምን ሙያ እንጀራውን የሚበላ ይመስላችኋል? በእርሻ ነው፣ በንግድ ነው፤ በድግምት የሚበላም አይቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይመር ግን እንጨት እየቧጨረ በላ። በደመወዝ! መንግሥት አዲስ አበባ፣ ሥዕል ትምህርት ቤት ውስጥ ቀጥሮት፣ የሰው ልጆችን እንጨት መቧጨር ያስተምር ነበር።

ፊደል ባልቆጥርም ሙያውን አውቀዋለሁ። ሳንቃ ላይ ሥዕል ይቀርጻል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ወረቀት ያለብሰውና በማንኪያ ጀርባ ያሸዋል። ወረቀቱ ሲነሳ የተቆረጠው ነጭ፣ የቀረው ጥቁር ሆኖ ሥዕሉ ይወጣል፤ ግን እንደ ማኅተም ተገልብጦ ነው፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ወሎ በረሀብ ባለቀበት በዚያ ክፉ ዓመት መጥቶ፣ ደሴ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው እንዲህ ቀርጾታል። «ጥቁሩን ለምን አበዛኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ የምቆርጠው ነጩን ነው፤ ነጭ ከየት ላምጣ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ዓመቱ ዞረና ንጉሡ ወረዱ። ይመርም ለዘመቻ ተብሎ ወደ እኛው አገር ተላከ። እዚህ የጠበቀው ካድሬ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ድምፁ ግን ሦስት ሰው የሚያህል ልጅ ነበር። ከደሴ ትልቅ ሰው ስለሚመጣ፣ ለገበያ ቀን ግራ እጁን ያነሳ ገበሬ ሥራልኝ አለው። ያን ጊዜ አብዮተኛ የሚታወቀው በግራ እጁ ነዋ! የእኛ ሰው ደግሞ በግራው አይበላ፣ በግራው ሰላም አይል፤ ስብሰባ ላይ አንሱ ሲባል ጋቢው ውስጥ ይሸሽገዋል። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌማ፣ «ያ ረቢ! ሜዳ ወጥቼ በምታጠብበት እጄ መንግሥት ልቀበል?» እያሉ ልጁን ሊያሳብዱት ነበር።

ሰፊ ሳንቃ ከየት ይምጣ? ይመር የቤቴን መዝጊያ ነቀለው። እኔ በሰሌን ዘጋሁ። ቀርጾ ሲጨርስ ካድሬው መጥቶ አየ፤ ሳንቃው ላይ ገበሬው ቀኙን አንስቷል።

«ጓድ ይመር! ቀኝ?»

«ሲታተም ይገለበጣል፣ ጓድ።»

«አብዮት አይገለበጥም!»

ያን ጊዜ ከዚህ በላይ የተከራከረ ሰው ጣቢያ ነበር የሚያድረው፤ ጣቢያ ያደረ ሁሉ ደግሞ አይመለስም። ይመር ግን አንዴ ደገመ፣ በማኅተም እያሳየ አስረዳ። ካድሬው ሽጉጡን ነካ ነካ አደረገ።

«ግራ ብዬሃለሁ። አለዚያ ተማሪዎችህን በሕልምህ ታያቸዋለህ።»

ያን ያማረ ገበሬም ካድሬው እላዩ ቆሞ በመላጊያ አስላገው። ይመር ሳንቃውን ዘወር አድርጎ በጀርባው ግራውን ያነሳ ገበሬ ቀረጸ፣ አተመ፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንደወጣ እናንተው ታውቁታላችሁ። «እንደታዘዝኩት ነው» ብሎ እንዲለጥፉት ለአብዮት ጥበቃዎቹ ሰጠ። እሱ ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ።

በገበያው ቀን ካድሬው እንግዳውን አጅቦ ሲደርስ፣ በየግድግዳው ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ! ፊቱ አመድ ሆነ። የይመርን ክንድ ጨብጦ፣ «አሻጥረኛ! ዛሬ አትድንም» ሲል አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። እንግዳው ግን ዓይኑ ሕዝቡ ላይ ነው፤ ሥዕሉን ከጀርባው ትቶ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ግራ እጁን ሰቀለና፣ «እጅ ወደ ላይ!» አለ።

ሼህ እንድሪስ ግድግዳውን አዩ። «አልሐምዱሊላህ! መንግሥት ልብ ገዛ» አሉና ቀኛቸውን አነሱ። ገበያው በሙሉ አነሳ። በግ የያዘው ገመዱን ለቆ አነሳ። እስቲ አንዳችሁ ፊት ለፊቴ ቁሙና ሞክሩት፤ እሱ ግራውን፣ እነሱ ቀኛቸውን፣ ሰውየው መስታወት ያየ መሰለው። «እንዲህ የነቃ ሕዝብ አይቼ አላውቅም!» ብሎ ካድሬውን አቀፈው።

ካድሬው የይመርን ክንድ ለቀቀ። ኋላ ቀስ ብሎ፣ «ነገ ወደ ተማሪዎችህ ሂድ» አለው። «ያየኸውን ግን አላየህም።»

ይመር በማግስቱ እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ሄደ፤ ጸጉሩ እስኪሸብት አስተማረ። ካድሬው ተሾመ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፤ ከዓመታት በኋላ አጅባር ገበያ ላይ ጨው ሲነግድ አይቼዋለሁ፣ ወፍሯል። ሼህ እንድሪስ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። የደሴው እንግዳ የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይመር አሁን ጡረታ ላይ ነው፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አይቀርጽም። አምና ልጠይቀው ብሄድ፣ አንዲት የድሮ ተማሪው ቤቱ መጥታ ስትቀርጽ እሱ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ያያል። «ተሳስታ ከሆነ ለምን አትነግራትም?» አልሁት በጆሮው።

«ተያት እትዬ» አለኝ። «ወረቀቱ ይነግራታል።»