ሁለተኛዋ ክኒን በኮሶዬ መንገድ ላይ እንደ ተከለከለች

ለኮሶዬ መንገድ ጠመዝማዛን፣ ለሰውም ልጅ የሚገለበጥ ሆድን የሰጠ አምላክ ስሙ ይመስገንና፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጠላት ከአገር ወጥቶ የአምባ ጊዮርጊሱ አውቶቡስ አዲስ ጎማ በተጫማበት ዓመት፣ ሕፃኒቱ ጽጌሬዳም በወላጆቿ ቤት ላይ በነገሠች በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ከቀሐ በገቡ ማግሥት፣ የትዕግሥት አምባ፣ የልጅ ጋሻ፣ ዐቃቢተ ሰዓት ወክኒን የተባሉት እናቷ ወይዘሮ እንኳየሁ ያደረጉትን ገድል እጽፋለሁ። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ መቀመጫ አጥቼ በነጭ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበርና ወገቤ እስከ ዛሬ ምስክሬ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ሰርግ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ የሚኖረው የባላቸው ታናሽ ወንድም ሊሞሸር ነበርና ሠራዊቱ ከጎንደር ተነሣ። በቀኝ አማታቸው እሜቴ ወለተሩፋኤል፣ ባለ ሰፊ እጅ፣ እንግዳ በልቶ ጠገብሁ ሲል የማይሰሙ፤ በግራ ባላቸው ጎበዝ አድማሴ፣ የበር መቃን የሚያክል፣ የሰርጉ ጭፈራ አውራጅ፤ በኋላ ዘመዳቸው አያ ቢያዝን፣ የማር ማሰሮ በጉልበታቸው መካከል ይዘው፤ ከእነርሱም ኋላ ባለ ቅርጫት ሴቶችና እግሩ የታሰረ አንድ አውራ ዶሮ፣ ሐሳቡ ያልታወቀ።

ሕፃኒቱ ግን ማኪና አይስማማትም ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ የአያ ቢያዝንን ጋቢ አበላሽታ ነበርና፣ ወይዘሮ እንኳየሁ አማታቸውን አስከትለው አስቀድመው ወደ ሐኪም ቤቱ ድሬሰር ወደ ሷሊሕ ሄዱ። ሷሊሕም ልጅቱን በሚዛን ላይ አቁሞ፣ የማስመለስ መከላከያዋን ክኒን ከመካከል ከፍሎ፣ ግማሿን ብቻ ሰጠና እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «ይቺ ለእሷ ክብደት የተለካች ናት። ማኪናው ሳይነሣ በፊት ስጫት። ብታስመልስም እንኳ እኔን ሳትጠይቂ እንዳትደግሚ፤ ውሃ ብቻ ጥቂት ጥቂት እያልሽ አቅምሻት። የትልቅ ሰው ክኒን ደግሞ ወደ አፏ እንዳይደርስ፤ ከበዛ ሕፃን ይጎዳል።» እሜቴ ወለተሩፋኤልንም ማኪና ያዞራቸዋልና፣ ለእርሳቸው ሙሉ ሙሉ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። የጦርነቱ ዘር በዚያች ጥቅልል ውስጥ ነበረ።

በጉዞውም ቀን ሁሉ በሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ሕፃኒቱ ግማሿን ዋጠች፣ አማቲቱም አንዷን ዋጡ፣ አውቶቡሱም ተነሣ። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ መውጣት በጀመረ ጊዜ፣ ነጅውም በየመታጠፊያው ማዶ ለማዶ ሲወረውረን፣ ሕፃኒቱ ነጣች፣ ምራቋን ዋጠች፣ ከዚያም የጠዋቱን ቁርስ በእናቷ ቀሚስ ላይ አወረደች። ጥቂት ነበረች፤ ወዮ ግን ለጥቂቷ! አውቶቡሱ በሙሉ ሐኪም ሆነ።

ያን ጊዜ እሜቴ ወለተሩፋኤል ጥቅልላቸውን ፈትተው፣ ሁለት ክኒን በጣታቸው አንሥተው፣ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦ «ምነው እንኳየሁ! ግማሽ ብሎ ነገር ምንድን ነው? የኔ የልጅ ልጅ በግማሽ ትስተናገድ? በይ አፏን ክፈቺ፤ አንዷን ለመድኃኒት፣ አንዷን ለፍቅር! አፈር ስሆን!» አያ ቢያዝንም ከኋላ «በሞቴ ስጫት፣ ይህኛው ጋቢ አዲስ ነው!» ሲሉ ዐወጁ። ባለ ቅርጫቶቹ «እሰይ!» አሉ፤ ነጅው በጥሩምባው አጸና፤ ዶሮውም ጮኸ። በአገራችን ጉርሻ አንድ ሆኖ አይቀርም፤ የተዘረጋ እጅ ባዶውን ቢመለስ ደግሞ ቂም ነው። ደጎቹ ሰዎች መድኃኒቱን ጉርሻ መሰላቸው።

ወይዘሮ እንኳየሁ ከተዳሩ ጀምሮ ለአማታቸው እንቢ ብለው አያውቁም ነበር። ወጡ ጨው ሲበዛበት ጣፈጠ፣ ቤቱ ሲጨስ ሞቀ ይሉ ነበር። አሁን ግን በጭናቸው የተጋደመችውን ልጅ አዩ፤ ፈሩ። አማታቸውን ነው ወይስ ክኒኗን የፈሩት ብዬ ብመለከት ሁለቱንም ነበር። ከዚያም መዳፋቸውን በሕፃኒቱ አፍ ላይ ከድነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «እሜቴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ! ይቆጡኝ፣ ከቤትም ያስወጡኝ፤ ይቺ ልጅ ግን ሌላ ክኒን አትውጥም! በልኳ ተሰጥቷታል። ይሄ ጉርሻ አይደለም፣ መድኃኒት ነው!» ብለው ዐወጁ። እርሳቸውም በኮዳ ክዳን ውሃ ቀድተው ልጅቱን ጥቂት ጥቂት ያቀምሷት ጀመር።

የእሜቴ ወለተሩፋኤል እጅ ግን ከነክኒኖቹ በአየር ላይ ቀረ። ወዴት ይመለስ? ይህን አይቶ ጎበዝ አድማሴ፣ በእናቱና በሚስቱ መካከል የኖረ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ አፉን ከፈተ። አንዷን ለመድኃኒት ዋጠ፣ አንዷን ለፍቅር ዋጠ፤ እልልታም ሆነ። ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ አዛጋ። ሁለተኛም አዛጋ። ራሱም በጆንያዬ ላይ ወደቀ፤ እኔም ወደ ጫፍ ተገፋሁ፣ ማንም ግን አላዘነልኝም።

አምባ ጊዮርጊስ በደረስን ጊዜ ጭፈራ አውራጁን ሊቀበሉ ከበሮ ይዘው የወጡት ሚዜዎች ለአራት ተሸክመው አወረዱት። እናቱ ጆሮውን ጎተቱ፣ ውሃ ረጩበት፣ በስሙ ጠሩት። አንድ ዓይኑን ገልጦ «ደረስን እንዴ?» አለና ተመልሶ ተኛ። እሜቴ ወለተሩፋኤልም የተዘረረውን ልጃቸውን ከራሱ እስከ እግሩ ተመለከቱ፤ ረጅም ነውና ጊዜ ወሰደባቸው። ቀጥለው ጽጌሬዳን አዩ። እርሷ ሆዷ ረግቶላት፣ ከእናቷ ጭን ወርዳ፣ ዳቦ ስጡኝ እያለች ታስቸግር ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን! ይህ ሁሉ ሥጋ እንዲህ ከሆነ ይቺ…» ብለው አዋጁን ሳይፈጽሙ አለቀሱ። ይህን ዜና ስጽፍ ሣቄን ያቆምሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይተውም የቀረውን ጥቅልል በምራታቸው እጅ አኑረው «አንቺ ያዥው፤ በኔ እጅ ሲሆን ምግብ ይመስለኛል» ሲሉ ደነገጉ፤ ድንጋጌውም እስከ ዛሬ ጸንቶ አለ።

ሰላም ለእዴኪ እንተ ከደነት አፈ ሕፃን፤ የሕፃን አፍ ለከደነች እጅሽ ሰላም ይሁንላት፣ እንኳየሁ ሆይ! ብዙዎች ምሽግ ሰብረው ተመሰገኑ፤ አንቺ ግን ከሚወዱሽ ሁሉ መካከል ተቀምጠሽ እንቢ አልሽ፤ ይህንን የሞከረ ያውቀዋል።

በዳሱም ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አድማሴም በጓዳ እያንኮራፋ ሳለ፣ እሜቴ ወለተሩፋኤል ከሁሉ አስቀድመው ወደ ምራታቸው ዞሩና እንቁላል ያለበት ትልቅ ጉርሻ አጎረሷቸው። ሁለተኛውንም ጠቅልለው፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ፦ «ይቺ ደግሞ ከልጂቱ የከለከልሽኝ ናት፤ ባለቤቷ አንቺ ነሽ» ብለው ዐወጁ። ወይዘሮ እንኳየሁም እንባቸው እየወረደ አፋቸውን ከፈቱ።