ቀጥ ያለው ቧንቧችን

የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ዲበኩሉ ጠማማ ነገር አይወዱም። ይህ በአዳማ ከተማ ሁሉ ሊታወቅላቸው ይገባል። በራቸው ላይም «ቀጥተኛ አሠራር ለላቀ አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንሶላ ግን ሠላሳ ዓመት አጥቤያለሁ።

ዘንድሮ ውሃ ከሚያፈላው ቦይለር ወደ ማጠቢያ ክፍላችን አዲስ የእንፋሎት ቧንቧ ይዘርጋ ተባለ። መሐንዲሷ ሃዊ ኮምፒዩተር ላይ ሠራችው። የቧንቧ ጭንቀት የሚለካ ፕሮግራም አለ፤ አትሳቁ። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ መርዘሚያ ካጣ ወይ ግድግዳ ይገፋል ወይ ይፈነዳል። ስለዚህ መሐል ላይ ወጣ ብሎ እንዲመለስ አድርጋ አጠፈችው። ሉፕ ይሉታል። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ አይፈነዳም ማለቱ ነው።

አቶ ዲበኩሉ ስብሰባ ጠሩ።

«ይህ መጠማዘዝ ምንድን ነው?»

«ሲረዝም መተንፈሻ ይሆነዋል፣ አቶ ዲበኩሉ።»

«ከመቂ አዲስ አበባ የሚሄድ የሽንኩርት መኪና በአርሲ ነገሌ ይዞራል እንዴ?»

«የሽንኩርት መኪና ሲሞቀው አይረዝምማ!»

«ይስተካከል!»

ልጅቱ ቀጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ስክሪኑ ቀላ። አቶ ዲበኩሉ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱና አመራር ሰጡ፦ «ቀለሙን አረንጓዴ አድርጉት።»

እንዲህ ያለ ፈጣን መፍትሔ ከየትኛው ኮሌጅ ይገኛል? የዚያኑ ዕለት «ቀጥ ያለ ቧንቧ፣ መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብለው ለበላይ አካል ሪፖርት ላኩ። ሃዊንም ቀጥ ባለው ንድፍ ላይ እስከ ነገ ፈርሚ፣ አለዚያ ቁልፍሽን አስረክቢ አሏት።

እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች፤ በኦሮምኛ አኮ፣ አያቴ፣ ነው የምትለኝ። «አኮ፣ ከፈረምኩ እናንተ ላይ ይፈነዳል። ካልፈረምኩ እባረራለሁ።»

ሽርጤን ሳልፈታ ቢሯቸው ገባሁ።

«አቶ ዲበኩሉ ልጄ፣ የቧንቧው ምረቃ ንግግር የት ነው?»

«አዳራሽ ነዋ፣ እማማ የሺዓለም።»

«የለም፣ ማጠቢያ ክፍል፣ ቧንቧው ሥር ይሁን። ወንበሩን እኔ አሰናዳለሁ። እንፋሎቱ ሲከፈት እኛ ሴቶቹ ደጅ ቆመን እናጨበጭባለን።»

«ደጅ? ለምን ደጅ?»

«ክብሩ ለእርስዎ ብቻ ይሁን ብለን ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ። «ያ አረንጓዴ… የእውነት አረንጓዴ ነው?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ያስቀቡት እርስዎ!»

ከምሳ በኋላ ደብዳቤ ወጣ፦ «አመራሩ በጥልቅ ጥናት በደረሰበት ውሳኔ ቧንቧው እንዲታጠፍ ታዟል።» ሃዊ የታጠፈው ላይ ፈረመች፤ ቁልፏም ኪሷ ቀረ።

ሪፖርት ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ ድርጅታችን የሁለት ቧንቧ ባለቤት ነው። አንዱ ሪፖርቱ ላይ ብቻ ያለው፣ ቀጥ ያለው ነው፤ በእሱ አቶ ዲበኩሉ ተሸልመውበታል። ሌላው ጠማማ ነው፤ እንፋሎት የሚመጣው በእሱ ነው።