ለሠርጉ የገጠምኩት

በሕይወቱ አንድ ስንኝ እንኳ ጽፎ የማያውቅ ወንድ ካለ ይምጣና ጉልበቱን ልሳመው። ግጥም ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ ማንንም አይነካም። ጉዱ የሚመጣው ዜማ ይግባበት የተባለ ዕለት ነው። ቃሉ ሲረዝም ዜማው ያጥራል፣ ዜማው ሲረዝም ቃሉ ያልቃል፤ ሁለቱን አስታርቃለሁ ብሎ መሀል የገባ ሰው ደግሞ ኑሮው ይበላሻል። በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ተበላሽቶብኝ ነዋ!

እኔ ሶዶ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ደብዳቤ ስቀበልና ስመራ አርባን የተሻገርኩ ላጤ ነኝ። አያቴ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሹመቱ አልቆ መቅረቱ ብቻ ተረፈ። ምሕረት የኬሚስትሪ መምህርት ናት፣ ከሶዶ ወረድ ብላ ያለችው ተበላ የምትባል ከተማ ልጅ። ሁለት ዓመት ተዋደድን። ሽማግሌ ልላክ ባልኩ ቁጥር «እናቴ ሳታይህ አይሆንም» ትለኛለች። እናትየው ባላቸውን በቅርቡ የቀበሩ፣ ጠንካራ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ የኔ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ነው። በመጨረሻ የወንድሟ ሠርግ ደረሰና፣ እዚያ እንድመጣ፣ እናቷ ከወደዱኝ ሽማግሌዎቼን እንድልክ፣ ካልወደዱኝ ግን እሷ ከእናቷ ጋር እንደማትጣላ ቁርጡን ነገረችኝ። ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አለ? ልብ ያለው ሰው አንድ ሙክት እየጎተተ ይሄድ ነበር። እኔ ግጥም ይዤ ልሂድ አልኩ።

ጊታር የሚጫወትልኝ ጴጥሮስ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። እሱም የተበላ ልጅ ነው፤ እንደ አገራችን ጊታር ተጫዋች ሁሉ እጁን ያፍታታው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ማንም ያልሰማው፣ ከራሱ የወጣ ዜማ እንዳለው ነግሮኝ አሰማኝ። ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ነገር ነው። እኔ ሞኙ እዚያው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ የሦስት ሳምንት የምሳ ሰዓቴ ጠፋ። እኔ በወግ በወጉ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ስንኝ ጽፌያለሁ፤ የሱ ዜማ ከስድስት በላይ አልቀበልም ይላል። «ዳሞት ላይ ያለው ጉም ወረደ በዓይኔ» ብዬ የደከምኩበትን፣ ጋሼ ይቺ አትገባም እያለ ክሩን በጣቱ እየመታ ተራራውንም ጉሙንም አወጣብኝ። ዓይኔ ብቻ ቀረ፤ ኋላ እሱም ወጣ። ሃያ አራት መስመር ይዤ ገብቼ አራት ይዤ ወጣሁ። ከሁሉ የተረፈችው አዝማቿ ናት፤ «ልሂድ ካንቺ ጋራ»። እሷስ ብትሆን ምን አላት? ግን ከዜማው ጋር ልክ እንደ እጅና ጓንት ገጠመች። ለቢሮ ሰዎች ብናሰማቸው ሁሉም ወደዱት። አለቃዬ እንኳ፣ ፊርማ ሲጠየቅ የሚያመው ሰው፣ በጣም ጥሩ ነው አለ። አንዳቸውም የተበላ ሰው አይደሉም፤ ይህን ያኔ ማን አሰበው?

በአማኝ ሠርግ ዘፈን ስለማይዘፈን፣ «ለሙሽሮች የተዘጋጀ ግጥም፣ በጊታር ታጅቦ» ብለን መርሐ ግብሩ ላይ አስመዘገብን። መዝገብ ክፍል የሠራሁት በከንቱ አይደለም። በሚኒባስ ወደ ተበላ ወረድን። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ክትፎው ከዳጣ በርበሬው ጋር ቀርቧል፣ የምሕረት እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች ያዩኛል።

ጴጥሮስ ጀመረ። ሦስተኛው ምት ላይ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዴት ያለ የተከበረ ሕዝብ ነው አልኩ በሆዴ። መዝፈን ስጀምር ከኋላ ያሉት ተነሡ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሴቶቹ በወላይትኛ፣ በራሳቸው ቃል፣ ቀስ ብለው አብረውኝ ያዜሙ ጀመር። ማንም ያልሰማውን ዜማ እንዴት አወቁት? ደህና ሰው እዚህ ላይ ይጠረጥራል። እኔ እቴ! የሙያዬ ኃይል ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እናትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሲንሰቀሰቁ ሳይማ አበቃልኝ፤ ተሳካ፣ ሽማግሌዎቼ ነገ ይመጣሉ አልኩና አዝማቹን እንዲደግም ለጴጥሮስ ምልክት ሰጠሁት። አራት ጊዜ አስደገምኩት። አራት! ሙሽራዋ ሳትቀር ስታለቅስ ሁለት ሴቶች እናትየውን ደግፈው ይዘዋቸው ወጡ።

ምሕረት በክንዴ ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ እኮ እኛ ሬሳ ስንሸኝ የምንዘምረው ነው» አለችኝ። «አባቴን በዚህ ነው የሸኘነው። ዛሬ ደግሞ አንተ ሁለተኛ ቀበርክብን።»

ጴጥሮስን ጠራሁት። መጀመሪያ የራሴ ነው ብሎ ማለ፤ ቆይቶ ሲያስበው ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ ልጅነቱን ሙሉ ጊታሩን አንግቶ ከተበላ ሬሳ ኋላ ሲሄድ ነው የኖረው። ጭንቅላቱ ሲረሳው ጣቶቹ አልረሱም። አራት ጊዜ አስደግሜ የሰው እንባ ያስፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ላይ የምሕረት ቁጥር መጣ። ዘልዬ አነሳሁት። የምትናገረው ግን እሷ አልነበረችም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ እናትየው፣ «ሽማግሌ እንዳትልክ። ሠርግ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል? ግን ያቺ ቃል ጥሩ ናት። ልሂድ ካንቺ ጋራ ያልካት። የኛ መዝሙር እንደሱ አይልም። እኔ የሞትኩ ቀን ከዚያ ልጅ ጋር መጥተህ ትልልኛለህ። ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ማንም አይከለክልህም።»

እሺ እማማ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? እንግዲህ በዚያ ቤት እንድረግጥ የተፈቀደልኝ ቀን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እንዳልመኘው ኃጢአት ነው። ምሕረትን የማይበት ሌላ ቀን የለኝም። አንዳንዴ በምሳ ሰዓት እንዳይጠፋብኝ ብዬ ግጥሟን እለማመዳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፍሬ ለእናቷ ዕድሜ እለምናለሁ።

ልመናዬ መሰማቱን ባለፈው ቅዳሜ አረጋገጥኩ። ሶዶ ገበያ ውስጥ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ሙሉ ጆንያ ቦዬ፣ ያንን እንደ ድንች የሚቀቀል ሥር፣ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ሰላም ልበላቸው ብዬ ከኋላ ተከተልኩ። ባዶ እጄን ሆኜ ልደርስባቸው አልቻልኩም።