የሠላሳ ሦስቱ ላሞች ትንፋሽ

በዓለም ላይ ብዙ መንግሥታት ለወታደር ጥይት፣ ለሹም ወንበር፣ ለድሃ ምክር ይሰፍራሉ። ለላም አረቄ የሰፈረው ግን የስዊሶች መንግሥት ነው፤ አስተዋይ ሰው ይህን ሲሰማ ቆቡን ማውለቅ አለበት።

ደንቡ ግልጽ ነው። ገበሬ ከገዛ የፒር ፍሬው አረቄ ሲያወጣ በእያንዳንዱ ላም ስም በዓመት አንድ ሊትር ከቀረጥ ነፃ ያስቀራል። የላሚቱ እግር ሲያብጥ ይታሽበታል፤ ሆዷ ሲነፋ ይንቆረቆርላታል። ላሞቹ ስለዚህ መብታቸው ተጠይቀው አያውቁም።

ፍሪዶሊን በግላሩስ ተራሮች ውስጥ በአንዲት መንደር የከብት ተቆጣጣሪ ነበር። ላሞች ጆሯቸው ላይ ቁጥር ከማንጠልጠላቸው በፊት ስለሆነ አንዲት ላም መኖሯ የሚረጋገጠው በእርሱ መዝገብ ነው። በግጦሹ ላይ ስልሳ አንድ ላሞች ነበሩ። በመዝገቡ ላይ ዘጠና አራት። ይህ ስሕተት አይደለም፤ መተሳሰብ ነው። አንዱ ጎረቤት መጥቶ «ዘንድሮ ብርዱ ይከፋል ይላሉ» ካለው፣ ፍሪዶሊን ብዕሩን ነክሮ አንዲት ላም ይወልዳል።

ሠላሳ ሦስቱ የመዝገብ ላሞች ከሌሎቹ ሁሉ የተመሰገኑ ነበሩ። ሣር አይጨርሱም፣ ገደል አይገቡም፣ ሐኪም አያስጠሩም። ድርሻቸውን ግን ሳይጠጡ የቀሩበት ዓመት የለም።

ፍሪዶሊን ራሱ አይጠጣም፤ ጨጓራው አይፈቅድለትም። የሚወድደው ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ፍሉሪና ናት፤ የዐሥራ አራት ዓመት ላሙ፣ እርምጃውን ከበረት ውስጥ ሆና የምታውቅ። ሁለተኛው ላም አንገት ላይ የሚታሰር ዓይነት የክብር ደወል ነው። መንደሩ አስቀርጾለት ነበር፤ «ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሳሳት ለቆጠረ» ይላል። በመጸው ላሞቹ አበባ ተጭነው ከተራራ ሲወርዱ በሕዝብ ፊት ሊሰጡት ነው። ሚስቱ ቬሬና ከበሩ በላይ መስቀያ ሚስማሩን ከወዲሁ መትታለታለች።

በዚያው በጋ ከዋና ከተማ ዶክተር ሬጉላ የምትባል ኬሚስት መጣች። የላሞችን ግሳት ልትለካ ነው። ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስባ አንድ እፍኝ ድርቆሽና አንድ ድንች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ሁለቱም ከስኳር የተሠሩ ናቸው» አለች።

ገበሬዎቹ ድንቹን አዩ፤ ከዚያ እርሷን አዩ።

«ስኳሩ እንደ ዶቃ ተሰክቶ ረጅም ሐብል ይሆናል። በአንድ መንገድ ሲሰካ የድንቹ ስታርች ነው፤ የእኛ ሆድ ይበጥሰዋል። በሌላ መንገድ ሲሰካ ሴሉሎስ ነው፤ ሣሩ፣ እንጨቱ፣ ወረቀቱ። እሱን የእኛ ሆድ አይችለውም። ላም ግን ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይበጥሱላታል። ያን ጊዜ ሚቴን ይወጣል፤ አንድ ካርቦን ከአራት ሃይድሮጅን ጋር። ከሃይድሮካርቦኖች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ላሟ ስታመሰኳ ታገሳዋለች፤ አየሩንም ያሞቀዋል።»

አረቄ አውጪው ሜልኪዮር እጁን አነሣ። «አረቄስ?»

«እርሾ ስኳሩን ሲበላ አልኮል ያወጣል።»

«ያንኑ ዶቃ?»

«ያንኑ ዶቃ።»

«እንግዲያ በድርቆሽና በአረቄ መካከል ያለው ልዩነት አሰካኩ ነዋ።»

«በጥቅሉ ካልን፣ አዎ።»

ገበሬዎቹ በዚህ ሁሉ ዘመን ለላም የሰጡትን ድርቆሽ እያሰቡ አዘኑ።

የመንደሩ ሹም ባልትዛር ተነሥቶ ሰደርያውን አስተካከለ። «ክብርት ዶክተር፣ ላምና ሳይንስ የአገራችን ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። ይህች መንደር አንዲት ግሳት እንኳ ከመንግሥት አትሸሽግም» አለ። ተጨበጨበለት።

ዶክተሯ አመስግና ከመኪናዋ ልጓሞች አስወረደች። እያንዳንዱ ልጓም ትንፋሽ የሚያጠራቅም ቆርቆሮ አለው። በመዝገቡ መሠረት ዘጠና አራት ናቸው። እስከ ማታ ስልሳ አንዱ ታሰሩ። ሠላሳ ሦስቱ መሬት ላይ ቀሩ።

«የቀሩት ላሞችስ?» አለች።

ፍሪዶሊን በብዕሩ ወደ ተራራው ጫፍ ጠቆመ። «ላይኛው ግጦሽ ናቸው።»

«ነገ እወጣለኋ።»

«እንግዳ ሰው ያስበረግጋቸዋል» አለ ባልትዛር። «እኛው እናስርላቸዋለን። እርስዎ በሳምንቱ ቆርቆሮውን ይረከቡ።»

በማግስቱ ጠዋት ምክር ቤቱ ተሰበሰበ።

«ባዶውን ብንመልስላትስ?» አለ ፍሪዶሊን።

«ባዶ ከሆነ ላሞቹ ሞተዋል ማለት ነው» አለ ባልትዛር። «ሠላሳ ሦስት ላም በአንድ ሳምንት ሲሞት ወረርሽኝ ይባላል። መንደሩን ያጥሩብናል።»

«ታዲያ ማን ይተንፍስበት?»

ባልትዛር ጥቂት አሰበ። ታላላቅ ሕጎች ሁሉ የወጡት እንዲህ ጥቂት ታስቦ ነው። «የላሚቱን የጠጣ፣ የላሚቱን ይተንፍስ።»

ሠላሳ ሦስት አባወራዎች ልጓም አጠለቁ። ሜልኪዮር ሊዮባ የተባለችውን የመዝገብ ላም ወከለ።

«አይጠብቅህም?» አለው ፍሪዶሊን።

«ከትዳር ይላላል። ይሄን ለምሳ ያወልቁልኛል።»

ግሳት በትእዛዝ አይመጣምና ከላሞቹ ድርሻ ጥቂት ጥቂት ቀመሱ። ሳምንቱ ሲያልቅ ቆርቆሮዎቹ ሞሉ። አንዳንዶቹ «ላሞቹ አንድ ሳምንት ይበቃቸዋል ወይ?» ብለው ለሳይንስ ተጨነቁ።

በመስከረም ውጤቱ መጣ። ከሠላሳ ሦስቱ ላሞች ትንፋሽ አንዲት ቅንጣት ሚቴን አልተገኘም። «ጥቂት አልኮል ታይቷል፤ ለላም ከተፈቀደው ድርሻ የመጣ ስለሆነ ሕጋዊ ነው» ይላል ሪፖርቱ። አገሪቱ የምትሻቸው ላሞች እነዚህ መሆናቸውንም ያበሥራል። ከስልሳ አንዱ ግን ብዙ የሚያገሱት ሃያው በረዶ ሳይወርድ ወደ ቄራ እንዲሄዱ ያዛል። የመጀመሪያዋ ስም ፍሉሪና ነበር።

ፍሪዶሊን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በረት ገብቶ ፍሉሪናን አለባት። ከዚያ ባቡር ይዞ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደ።

«ሠላሳ ሦስቱ ላሞች የሉም» አላት።

«ትንፋሻቸው እኔ ጋ አለ።»

«የሊዮባ ትንፋሽ የሜልኪዮር ነው። ሌላውም እንዲሁ የሰው ነው። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «አቶ ፍሪዶሊን፣ ሪፖርቱ ታትሟል። ሚኒስትሩ ቆመው አንብበውታል፤ ስለ ሊዮባ ሲናገሩም ድምፃቸው ተቆራርጧል። የሞተ ላም መሰረዣ ቅጽ አለን። ያልነበረ ላም መሰረዣ የለንም።»

«ፍሉሪናስ? እሷ አለች።»

«የእሷ ችግር እሱ ነው።» መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት ሰጠችው። «ውጤቱን የሚቃወም ባለቤት ላሙን ድጋሚ ማስለካት ይችላል። ልጓሙን ማን እንደሚያስር ቅጹ አይጠይቅም። ማን ላይ እንደሚታሰርም አይጠይቅም።» ይህን ያለችው መስኮቱን እያየች ነው።

ፍሪዶሊን ቅጹን ይዞ ተመለሰ። ባልትዛር አነበበና «ሃያውን ብቻ ካነጻን በሚቀጥለው ዓመት የአርባ አንዱ ተራ ነው። ስልሳ አንዱንም እናንጻ» አለ። መንደሩ ሴት ወንድ ሳይል ልጓም አጠለቀ። የፍሉሪናን ልጓም ፍሪዶሊን ለማንም አልሰጠም። ስድስት ቀን እርሱ አጠለቀው።

«እስከ ዛሬ ላም ትጽፍ ነበር» አለችው ቬሬና ሾርባውን እያቀረበች፤ «ዛሬ ገና ላም ሆንክ።»

ላሞቹ ከተራራ የሚወርዱበት ቀን ደረሰ። ቀንዳቸው ላይ አበባ ታሰረ። ደወሉ ጠረጴዛ ላይ ያበራል። ባልትዛር ንግግሩን ሲጀምር ፖስተኛው የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አቀበለው።

«ምስጋና ነው» አለ ባልትዛር፤ «በሕዝብ ፊት ይነበብ።»

ጮክ ብሎ አነበበው።

«ከቀረጥ ነፃ አረቄ የሚፈቀደው ለሚያመሰኳ ከብት ነው። የሚያመሰኳ ከብት ሣሩን በሆዱ ሲፈጭ ሚቴን ያገሳል። በመንደራችሁ ያሉት ዘጠና አራቱም እንስሳት እንደማያገሱ ላቦራቶሪው አረጋግጧል። እንግዲህ አያመሰኩም፤ የማያመሰኳም ላም አይደለም። ስለዚህ የአረቄው ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ወደ ቄራ የሚላክ ላምም የለም። ላም በሌለበት መንደር የላም ተቆጣጣሪ ስለማያስፈልግ ቦታው ታጥፏል።»

አበባ የተጫኑት ስልሳ አንድ እንስሳት ባሉበት ቆሙ። ሠላሳ ሦስቱም፣ እንደ ወትሯቸው፣ ምንም አላሉም።

«አንተ ፍሪዶሊን» አለ ሜልኪዮር፤ «ስንት ሊትር ነበር የሰጡን?»

«ዘጠና አራት።»

«ስልሳ አንዱ እኮ ይበቃን ነበር።»

ፍሪዶሊን ጠረጴዛው ዘንድ ሄደ። ደወሉን ለመስጠትም ለመከልከልም የደፈረ ስላልነበረ አንሥቶ የፍሉሪና አንገት ላይ አሰረው።

ፍሉሪና አንገቷን ዘርግታ የጠዋቱን ሣር ከሆዷ መለሰች፤ ቀስ ብላ አመሰኳች። ከዚያ በባልትዛር ፊት ላይ ረጅምና የጠለቀ ግሳት አገሳች። ባልትዛር ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

መንደርተኛው ሁሉ ወደ ፍሪዶሊን ዞሮ «ጻፍ፣ ጻፍ እንጂ» አለው። እርሱ ግን ከሥራ ከተሰናበተ ሩብ ሰዓት አልፎት ነበር።